ከእህቴ ጀርባ የተቀዳው ውሃ

እህቴ የወለደቻትን ልጅ አይታ «ይችን ደግሞ የማንን ነው ያመጣችሁብኝ?» ያለች ዕለት ነገሩ ከእጃችን መውጣቱ ገባኝ። ጉና ተራራ ሥር ያለ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ሉፐስ የሚባለው በሽታ ከያዛት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ሰውነት ራሱን የሚወጋበት በሽታ ነው። ጉልበቷ ሲያብጥ፣ ፊቷ ሲቀላ ለምደነው ነበር። ይህን ግን ማን ይለምዳል?

እኔ ደብረ ታቦር፣ እሷ በተኛችበት ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኃላፊ ነኝ። ሐኪሟ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«ወይ በሽታው አንጎሏ ገብቷል፣ ወይ ለበሽታው የምትውጠው ክኒን ራሱ ነው እንዲህ ያደረጋት» አለኝ። «በሽታው ከሆነ መድኃኒቱን እጨምራለሁ፤ መድኃኒቱ ከሆነ እቀንሳለሁ። ተሳስቼ ከቀነስሁ ግን ትሞትብናለች።»

ከጀርባ አጥንቷ ፈሳሽ ተቀድቶ፣ ሰውነቷ ራሱ ያመነጨው፣ አንጎሏን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ይኖርበት እንደሆነ እንዲታይ ፈለገ። ምርመራው እኛ ዘንድ የለም፤ አዲስ አበባ መላክ አለበት። ቁርጥ ያለ መልስ ባይሰጥም በጭፍን ከመገመት ይሻላል አለ።

ለሦስት ይዘናት ተቀዳ። ጥርት ያለ ነበር። ኢንፌክሽን እንደሌለበት እኛው አየን፤ የቀረውን ሦስት ሚሊ ሊትር በብልቃጥ አድርጌ ቅጹን ሞላሁ። ከዚያ ብልቃጡን ከእናቴ ጋር ወደምኖርበት ቤት ወስጄ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርሁት፤ ናሙናውን ለአዲስ አበባ የሚያቀብለው የባሕር ዳሩ መኪና ጎህ ሳይቀድ በደጃችን ስለሚያልፍ ይቀለኛል ብዬ። ናሙና ቤት አይገባም እያልሁ አዳዲስ ሠራተኞችን የምቆጣው እኔው ነኝ። የራሴ ነገር ሲሆን ሕጉ ላላ።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ተደወለ።

«ቅጹ ሦስት ሚሊ ሊትር ይላል፤ የደረሰን አምስት ነው» አለች ባለሙያዋ። «ከሥሩ አፈር ዘቅጧል። አይመረመርም። ሌላ የምትልኩ ከሆነ ይኸኛው የት እንዳደረ በደብዳቤ አስረዱን።»

ቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኋት። አልደበቀችኝም፤ ጥፋት መሆኑን መች አወቀችና።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከጣራ ገዳም ካመጣሁት ጠበል ጠብ አረግሁበት። የልጄ ውሃ ያን ሁሉ አገር ብቻውን ይሂድ? የሚያዩትም ሰዎች እጃቸው ይባረክ ብዬ ነው።»

ደሜ ፈላ። ፍሪጁን በእርግጫ ልለው ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ያወጣሁት ቃል «ደግ አረግሽ» የሚል ሆነ።

በማግስቱ ሐኪሙ መልሱን ጠየቀኝ። መንገድ ላይ ተበላሸ አልሁት።

«እንግዲያው እንደገና እንቅዳ» አለ።

«ቤተሰቡ እምቢ ብሏል» አልሁት። ማንንም አልጠየቅሁም ነበር።

ለእናቴ አዝኜ ነው እላለሁ። እሷው ናት ያበላሸችው ተብሎ በሰው አፍ እንዳትገባ። ግማሹ ውሸት ነው። ያን ደብዳቤ መጻፍ ፈራሁ። ኃላፊው ብልቃጥ ቤቱ አሳደረ ተብሎ በየክፍሉ ሲወራ ታየኝ። ለመቀመጫዬ ፈራሁ፤ እህቴ ሁለት ክፍል አልፋ ተኝታ እየጮኸች።

ሐኪሙ ሁለት ቀን አሰበና ክኒኑ ነው ብሎ ገምቶ መድኃኒቱን ቀነሰ። አልፈርድበትም፤ ያሳወርሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያንቀጠቅጣት ጀመር፤ በሽታው ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ ወዲያው ቢጨመርም አልደረሰላትም።

አገር ቤት ወስደን ቀበርናት። ከቀብር መልስ እናቴ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ያላረግህላት አለ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ።