ጸበል የነካው የጥርስ ጉጠት

መነሻ

ወደ መንዝ የተላክሁት የውሸት ማስረጃ ፎቶ አንስቼ እንድመጣ ነው። በጥርስ ሕክምና ተመርቄ ሥራ ስላጣሁ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ዘንድ ሻጭ ሆኜ ገብቼ ነበር። ከዘመሮ ወጣ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ «የሸጣችሁልን የጥርስ መንቀያ ዛገ» ብሎ ደወለ። አለቃዬ ቀና እንኳ ሳይል «በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈውት ነው። ፎቶ አንሺና ነይ፣ አንቀይርም» አለኝ። ለገዢ የምናሳየውን ናሙና ጉጠት ደግሞ አስያዘኝ፣ መንገድ ላይ ክሊኒክ ካገኘሁ እንዳሳይ።

መንገድ

ደብረ ብርሃን አድሬ በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና ዋጠው። ረዳቱ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አምስት ጠቅጥቆ «ብርድ ነው፣ ተቃቀፉ» ይላል። መሐል ሜዳ ቀዝቃዛ ሽሮ በመቶ ሃያ ብር በላሁ። ከዚያ ወዲያ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብና በግ ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያው

ነርሷ ሲስተር አስካለ ሳጥኑን ከፈተችው። ጉጠቶቹ በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ።

«በረኪና አስነክተሽዋል?»

«ምን በረኪና? ገና አልተሠራበትም።»

«ታዲያ?»

ወደ ጥጉ ዞር ብላ አየች። የመለሱልኝ ያበጠ ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው ጥግ የተቀመጡት መሪጌታ ናቸው። መንጋጋቸው ከተነፋ ሰንብቷል። እሑድ ማኅሌቱን የሚመሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ሰው የለም።

«ሕዝቡ በግ ሸጦ ያዋጣበት ዕቃ ነው። ሳይባረክ አይከፈትም ብለን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። ጸበል ተረጨና ተከደነ።»

«እርጥቡን?»

«ጸበል ይጠረጋል እንዴ፣ ልጄ?»

አለቃዬ ይህን ቢሰማ ከበረኪናውም በላይ ይወደዋል። ግን ይህ ዕቃ በየቀኑ በእንፋሎት ሊቀቀል አይደል፣ ጥቂት ጸበል እንዴት ያዝገዋል? ደህና ጉጠት ከማይዝግ ብረት ግሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተሞርዶ፣ መጨረሻ ላይ በአሲድ ታጥቦ ነው የሚወጣው። ተራ ብረት ላይ የሚያብለጨልጭ ቅብ አልብሶ የሚሸጥም ሞልቷል። ፋብሪካው አስመጪውን «ምን ልጻፍበት?» ብሎ ይጠይቅና የተባለውን ያትምበታል። እነዚህ «የማይዝግ» ተብሎ ታትሞባቸዋል።

ናሙናዬን አወጣሁ። ከሳጥኑም ያልዛገ አንድ ጉጠት ፈልጌ፣ ሁለቱንም በዚያው ጸበል ረጭተን ከድነን አሳደርን።

በማግስቱ

ናሙናው እንዳንጸባረቀ ነው። ያኛው ቡናማ ሆኗል፣ በጥፍሬ ብፍቀው ቅቡ ተላጠ።

መሪጌታ በደህናው ጉንጫቸው ሳቁ። «ጸበል እኮ ያለበትን ሁሉ ያስለፈልፋል» አሉ።

ለአለቃዬ ደወልኩ። አልደነገጠም። «ናሙናና ጭነት መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ናሙናውን እንዳትረሺው» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ናሙናውን በእንፋሎት ቀቅለን መሪጌታን አደነዘዝኳቸው።

«ዝም ይበሉና አፍዎን ይክፈቱ።»

«ከፍቶ ዝም ማለት የት አባቴ ተምሬ» አሉ።

ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ። ሲስተር አስካለ ጉጠቱን አጥባ ልትመልስልኝ ስትል «አስቀምጪው፣ የናንተ ነው። የዛገውን ሳጥን ስጪኝ» አልኳት።

«ሕዝቡ የት አደረስሽው ቢለኝስ?»

«ትውሰደው» አሉ መሪጌታ፣ ጥጡን እንደነከሱ። «እዚያም ያስለፍልፍ።»

መመለስ

አዲስ አበባ እንደገባሁ በቀጥታ ወደ አለቃዬ ሱቅ ሄድኩ። ናሙና ከሚደረደርበት መስታወት ውስጥ ያማሩትን አውጥቼ የዛጉትን ደረደርኳቸው። አንድ የክሊኒክ ባለቤት ዋጋ ሊጠይቁ ቆመው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሚደርስዎት» አልኳቸው።

አለቃዬ ከውስጥ እስኪወጣ ሰውየው ሄደዋል። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ሲስተር አስካለ በአለቃዬ ላይ አቤቱታ እያስገባች ነው፣ ምስክሯ እኔ ነኝ። ሥራ የለኝም። እናንተ ግን ዕቃ ስትገዙ ናሙናውን አትዩ፣ የደረሳችሁን አርጥባችሁ አሳድሩት።