ጩማ ወደ ሁምቦ ያወረደው ቅቤ

እኔ ቦልቴ የማላውቀው ቅቤ የለም። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ፣ ይኼ የዳሞታ ላም ነው፣ ይኼ የገሱባ ነው ብዬ እለይ ነበር። ገሱባ ስል፣ እዚያ አንድ በቅሎ ገዝቼ ነበር፣ ወንዝ ሲያይ የሚተኛ። ተዉት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። የማወራችሁ ስለ ጩማ ነው።

ጩማ ከዳሞታ ግርጌ ጎረቤቴ ነበር፣ እንሰት ተካይ። ጣልያን ሊመጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው ነገሩ። ሚስቱ ዘነቡ፣ እህቷም የእህቷም ባል ሁምቦ ላይ በወባ ሞቱባትና ለለቅሶ ወረደች። ሟቾቹ የተዉአቸው ሦስት ልጆችና አንዲት ዓይነ ስውር የአባታቸው እናት ጠበቋት። ለዘመን መለወጫችን፣ ለጊፋታ እመለሳለሁ ብላ ነበር። ጊፋታ ሁለቴ አለፈ።

"ቆላው ነው የያዛት" ይላል ጩማ። "ሙቀቱ አገሯን አስረሳት። የዳሞታን ብርድ አንዴ በእጇ ብትነካ ትመጣለች።"

ብርድ እንዴት ይላካል? በቅቤ ነዋ። የእኛ አገር ቅቤ ማለዳ ድንጋይ ነው። በኮባ ጠቅልሎ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ እኩለ ቀን ሁምቦ ሲደርስ ዘይት ሆኗል። ዘነቡም "ይኼን ሁሉ መንገድ ዘይት ልታፈስብኝ መጣህ?" ትለዋለች፣ እየሳቀች።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እዚያው እኛ ዘንድ፣ ሶዶ ገበያ ላይ ከጉራጌ አገር የመጣ ጀማለዲን የሚባል ባለሱቅ ነበር። አንድ ፈረንጅ የተወለትን የሙቀት መለኪያ በሩ ላይ ሰቅሏል፤ ቀጭን መስተዋት፣ ውስጡ ብር የመሰለ ነገር የሚወጣ የሚወርድ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ መስመር ግን እቆጥራለሁ። ለምኜ ሁምቦ ድረስ ይዤው ወረድኩ። ሶዶ በማለዳ አሥራ አራት፣ ሁምቦ እኩለ ቀን ሠላሳ ሁለት።

"ልዩነቱ አሥራ ስምንት ነው" አለ ጀማለዲን፣ ከጩማ ጋር ሱቁ ስንመለስ።

የጩማ ፊት በራ። "አሥራ ስምንት ብቻ? ይኼማ የሶዶ የረፋድ ሙቀት ነው። ይኼ ቅቤ ያቀልጣል እንዴ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?" አለው ባለሱቁ።

"አርባ ይሆናል።"

"ሁምቦ ያለው ትልቁ ልጅስ?"

"አሥር።"

"በመሃላችሁ ያለው ሠላሳ የማን ዕድሜ ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"አሥራ ስምንቱም እንደዚያው። የሁለቱ መራራቂያ ነው እንጂ የትም የቆመ ሙቀት አይደለም። ሙቀት ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል፤ መራራቂያው ሲሰፋ ይሮጣል። ቅቤህ ላይ የሚሮጥብህ እሱ ነው።"

"እንግዲያ ቡሉኮ አልብሰው" አልኩት እኔ።

ጩማ ሳቀብኝ። "ቅቤው ብርድ መታው? ቡሉኮ ያሞቃል እኮ።"

ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። መለኪያውን በቡሉኮዬ ጠቅልዬ ሱቁ ጥግ ግማሽ ቀን አስቀመጥኩት። ስንፈታው መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ቡሉኮ የራሱ እሳት የለውም፤ የሚያሞቀን የገዛ ገላችን ነው፣ እሱ በሩን ይዘጋል። የውስጡን ካላስወጣ የውጪውንም አያስገባም። ይኼን ማንም አላስተማረኝም።

በማግስቱ ጩማ የራሱን ቡሉኮ ሦስት ድርብ አድርጎ ቅቤውን ጠቀለለበትና በእጀ ጠባብ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ዘነቡ ፈታችው። ጣቷን ጫነችበት፣ አልገባም። ጉንጯ ላይ አደረገችውና ዓይኗን ጨፈነች።

"አሁን እዚያ ጤዛ ነው?" አለች።

"ጤዛ ነው።"

"እንሰቱም ላይ?"

"እንሰቱም ላይ። ትመጫለሽ?"

ትንሹን ልጅ ቅቤውን አስነካችው፤ ልጁ እጁን ሰበሰበ። "አያታቸው ከልጇ መቃብር አልለይም ብላለች" አለች። "እነዚህም ያለሷ አይሄዱም። ትቻቸው ልምጣ?"

ጩማ ባዶውን ቡሉኮ አጣጠፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሙቀቱ ነው ሲል ነበር። ስንመለስ ዳገቱን በሙሉ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ገበያ ቆይቶ እንሰቱን ለወንድሙ ሰጠና ሁምቦ ወረደ። ቤት ሠራ፣ በቆሎ ዘራ። ከዚያ ወዲያ ቅቤውን በቡሉኮ የማወርደው እኔ ሆንኩ። ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ እስኪዘጋብኝ ድረስ አንድም ቀን አቅልጬ አላደረስኩም። እሱን የመሰለ ጎረቤት ኋላም አላገኘሁ።

አንዴ ጩማ በመንገደኛ ላከልኝ፦ "ሌላው ሁሉ ደህና ነው በለው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ጤዛ ሳጣ ይከፋኛል።"