ከፍልሰታ በኋላ ያለው ቅዳሜ

ኃይለመስቀልን ዓሣ ለማጥመድ ውሰደኝ ማለት ቪዛ እንደመጠየቅ ነው። መጀመሪያ ጨረቃዋን ይቆጥራል፣ ቀጥሎ ነፋሱን ያያል፣ ከዚያ የሰውየውን ጫማ። አንዱ ካላማረው «ናይ» ይላል እንደ ኖርዌዮቹ፣ «ዛሬ አይሆንም»፤ አለቀ። ኦስሎ ውስጥ ቢየርቪካ በሚባለው ሰፈር ስድስት ዓመት አብረን ቢሮ ስናጸዳ ከአለቃችን ይልቅ እሱን እፈራ ነበር።

በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። ባሕሩ በጨረቃ እንደሚሞላና እንደሚጎድል፣ ዓሣውም ያንን ተከትሎ እንደሚመጣ እዚያ ተማረ። የኦስሎ ባሕር ግን ለጨረቃ ብዙም አይታዘዝም፤ ነፋስ ነው የሚገፋው። ይህን እሱም ያውቃል። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻውን በትንሿ ጀልባው ሲያወጣ፣ የጨረቃዋን ቀን ሳያሰላ ሞተር አስነስቶ አያውቅም።

ፊሊሞን ከእሱ ጋር በአንድ መርከብ ያገለገለ፣ ኦስሎም አመሩድ ሰፈር በአንድ ሕንፃ የሚኖር ጓደኛው ነበር። ዓምና ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሐኪሞች ጉበቱን አይተው ተስፋ ቆረጡና ወደ ቤቱ ላኩት። ልንጠይቀው ስንሄድ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ባሕር ላይ አውጣኝ፣ ኃይሌ።»

ኃይለመስቀል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ቆጠረ። «ነገ ፍልሰታ ይገባል። በጾም ዓሣ አላስይዝህም። ነሐሴ አሥራ ስድስት ይፈታል፤ በማግስቱ ቅዳሜ አዲስ ጨረቃ ናት። ማክሬል የሚሉት ዓሣ በመንጋ የሚመጣው ያኔ ነው። ጀልባውን ሞልተህ ትመለሳለህ።»

ፊሊሞን ፈገግ አለ እንጂ አልተከራከረም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። አሁን ብናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ኃይለመስቀል ክሮቹን ቀየረ፣ መንጠቆዎቹን ሳለ፣ ለበሽተኛው መደገፊያ ጀልባው ላይ ትራስ አሰረ። ነሐሴ አሥራ ሦስት ጠዋት ፊሊሞን አረፈ።

ለቅሶ ቤት ኃይለመስቀል የሟች ሚስት ሐረገወይን አጠገብ ተንበረከከ። «አራት ቀን ብቻ ነበር የቀረው» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ የባሰውም ይኸው ነው።

«ኃይሌ፣ ውኃ እንኳ በጉሮሮው አልወርድ ያለው ሰው ዓሣ ሊበላ ነበር? አንተ አጠገብ መቀመጥ ነው የፈለገው። በየቀኑ መስኮቱን አስከፍቶ ‹ዛሬም እኮ ነፋስ የለም› ይለኝ ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ደወለልኝና ሁለታችን ወጣን። ደሴቶቹን አልፈን ሞተሩን አጠፋ። ብዙም ሳንቆይ ማክሬሉ መጣ፤ በጀልባችን ዙሪያ ውኃው እንደሚፈላ ድስት ተንተከተከ። ስሌቱ አልተሳሳተም።

ክር አልጣልንም። ኃይለመስቀል ትራሱን ፈታና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«አየህ፣ መጥቷል» አለ። እኔን አልነበረም።