የእናቴ አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኬ ላይ የባንክ መተግበሪያ ልትጭንልኝ ተነሳች። የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው አለችኝ። አውራ ጣቴን ጫንኩ፤ «እንደገና ይሞክሩ» አለ። ታጥቤ፣ በቀሚሴ ጠርጌ ጫንኩ፤ አሁንም እምቢ። ልጄ ትስቃለች፤ የእኔ ዓይን ደግሞ እንባ አቅርሯል። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ለመምህርነት ሥልጠና ደብረ ብርሃን ደርሶኝ፣ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ለቤት ኪራይ፣ ለፍራሽ፣ ለምግብ ብር ያስፈልገኛል። ካልሄድኩ ዕድሌ አለፈ ማለት ነው። እናቴ አስካለ ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት እያለማች ያጠራቀመችው ብር ነበራት፤ ያስቀመጠችው ግን ሸዋሮቢት ከተማ ካለው ትልቅ ባንክ ነው። መንደራችን ውስጥ ጎረቤቶቻችን ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበረ። እሷ ወይ ፍንክች! ጎረቤት ብሬን ሲቆጥር ከሚያድር ማንም የማያውቀኝ ቦታ ይሻለኛል ትል ነበር። ጉዳችንን ያመጣውም ይኸው የሚያውቃት መጥፋቱ ነው።

ረቡዕ በማለዳ በእግራችን ወጣን። ማሽላው አሽቷል። ጥንቅሽ እየመጠጥን፣ ስለ ፍራሹ እያወራን ደረስን። የባንኩ መስኮት ላይ የተቀመጠው ልጅ አሻራዋን ሒሳብ ስትከፍት ከፈረመችበት ካርድ ጋር አስተያየና አይመሳሰልም አለ። ጣቷን ደግማ ቀለም አስነካች። ወረቀቱ ላይ የወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሽንኩርት ስትነቅልና ስትቀነጥብ ጣቷ ልሙጥ ሆኗል። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አላት። ልጁ አላጠፋም፣ ደንቡ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ለቅሶ ደርሰው ሊመለሱ ደብረ ሲና ወጥተዋል፤ እስከ ሰኞ የሉም። እኔ አፈኛ ነበርኩና ጮህኩበት። እናቴ ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ቤት እስክንደርስ አላወጣችውም። እውነቱን ልናገርና፣ ከትምህርቱ ይልቅ ያ የተደበቀ እጅ አንገበገበኝ።

በነጋታው የማኅበሩ አባል ወደሆኑት ጎረቤታችን ወደ ጋሼ ይማም ሄድን። ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀችውን የብሯን ልክ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ማኅበሩ ደግሞ ስድስት ወር ላልቆጠበ አያበድርም። ጋሼ ይማም እጇን እንድታሳያቸው ጠየቋት። እያፈረች አወጣችው።

«አስካለ፣ ይኼን እጅ ያላወቀ ምኑን የዚህ አገር ሰው ሆነ? ብድሩን በእኔ ስም አወጣለሁ፤ ልጅቷ ዓርብ ትድረስ» አሉ።

«መክፈል ቢያቅተኝስ፣ ጋሼ?»

«አላህ ያውቅሻል፤ እኔም አውቅሻለሁ።»

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔም ዓርብ ደረስኩ። የቀበሌው ደብዳቤ እንደተጻፈላት ብሯን ከባንኩ እስከ ሳንቲሙ አውጥታ ብድሩን ከፈለች፤ የተረፈውን ይዛ የማኅበሩ አባል ሆነች። ጎረቤት ሁሉ የብሯን ልክ አወቀ፤ ሰማይ አልተደፋባትም።

ዛሬ እናቴም ጋሼ ይማምም የሉም። እኔ ከማስተማር ጡረታ ወጥቼ በእሷ ማሳ ሽንኩርት እተክላለሁ። ስልኬን ለልጄ ተውኩላትና ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያሉት ሽማግሌ ደብተሬን ስዘረጋላቸው ደብተሩን ትተው ጣቶቼን አዩ።

«የአስካለን እጅ ይዘሽ መጣሽ» አሉኝ።

 እጄን አልደበቅኩትም።