እትዬ አስካለና የምንጩ ውሃ

እትዬ አስካለ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር ባለው ቤታቸው ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ በሐዘን እነግራችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሷቸው በዕድር ሲያስተናግዱ ነው። እኔ ግን ከካዛንቺስ በታች፣ ወንዝ ዳር፣ ቦቲ ጫማ አድርገው ቆመው ነው የሚታዩኝ።

ሥራቸው በተበከለ ውሃ ውስጥ በሽታ አምጪ ቫይረስ መፈለግ ነበር። እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበርኩ፤ የላቦራቶሪያቸውን ማቀዝቀዣ ልሠራ ገብቼ የመመርመሪያውን ማንዋል ስገላብጥ አዩኝና አስቀሩኝ። የትምህርት ማስረጃ እንደሌለኝ ስነግራቸው «ቫይረሱ ዲግሪ አይጠይቅህም፤ እጅህን ታጠብ» አሉኝ።

ወደ ወንዙ በወረድን ቁጥር የታሸገ ንጹሕ ውሃ ይይዛሉ። እዚያው ከፍተው ይዘጉትና ከናሙናዎቹ ጋር ይመረምሩታል። ቫይረስ ከተገኘበት ናሙናውን የበከልነው እኛው ነን ማለት ነው። «ምስክሬ» ይሉት ነበር።

አንድ ክረምት፣ ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ ከሚቀዳበት የወንዝ ዳር ምንጭ ናሙና ወሰድን። ሕፃናትን በተቅማጥ የሚጥለው ቫይረስ ተገኘ። ምስክሩ ውስጥም ተገኘ። ከወንዙ ወደ ምንጩ ስሻገር ጓንቴን አልቀየርኩም ነበር። ነገርኳቸው። ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አለቃችን፣ ወንዝ ዳር ያለ ምንጭ መበከሉ አያጠራጥርም፣ ሪፖርቱ ይውጣ አሉ። እትዬ አስካለ እምቢ ብለው «በእኔ የጥንቃቄ ጉድለት ውጤቱ ተሰርዟል» የሚል ጽፈው ፈረሙ። በዚያው ከሰዓት ምንጩ ድረስ ወርደው፣ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች ለጊዜው አፍልተው እንዲጠጡ ለመኑ። አንዷ «እና አለበት ወይስ የለበትም?» ብላ አፋጠጠቻቸው።

«አላውቅም እህቴ። እስካውቅ ድረስ ነው አፍሉ የምላችሁ።»

እንደገና ስንመረምር ምስክሩ ንጹሕ ሆነ፤ ምንጩ ግን ቫይረሱ ነበረበት። አለቃችን ያው አይደለም ወይ ብለው ሳቁ። እሳቸውም «ያኛው ግምት ነበር። ይሄኛውን እናት ፊት ቆሜ እናገረዋለሁ» አሉ። ሄደውም ተናገሩ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ስማቸው «ናሙና ያበላሹት ሴትዮ» ሆኖ ቀረ። ጡረታ እስኪወጡ ተቀለደባቸው። እውነቱን ላውጣ ባልኩ ቁጥር «አንተን ያባርሩሃል፤ እኔን ቢበዛ ይስቁብኛል» እያሉ ከለከሉኝ። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ።

እትዬ አስካለ፣ ዛሬ አልታዘዝዎትም። ጓንቱን ያልቀየርኩት እኔ ነኝ። በቀብርዎ ዕለት ለአለቃችን ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህም ሁሉ እንዲያነበው ጽፌዋለሁ። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። እርስዎ አንድም ናሙና አላበላሹም። በሰላም ይረፉ።