ጠፍቶም የሚነዝረው ፍሎረሰንት

ከአገር የወጣሁበት ማታ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋበት። ጎረቤቶቼ «ኤሌክትሪሺያኑ ሳይሄድ መብራቱ ቀደመው!» እያሉ ሳቁብኝ፤ እናቴን በሻማ ብርሃን ስሜ ተሰናበትኳት። ካቻቪቴዬንና ኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሬን ለታናሽ ወንድሜ ለታዬ ተውኩለት። አሜሪካ መቼም መሣሪያ አይጠፋም ብዬ ነው።

መሣሪያውማ ሞልቷል፣ የሚያምነኝ ሰው ነው የጠፋው! ሲያትል ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ከረምኩ። በመጨረሻ ዴኒስ የሚባል ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ቱክዊላ የምትባል ጎረቤት ከተማ ወሰደኝና እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ያገሬ ሰው ሊከፍቱት ባሰቡት ሱቅ ውስጥ ስድስት ፍሎረሰንት አሳየኝ።

«እነዚህን ስቀል። ሥራህን ከወደድኩት ሰኞ ከእኔ ጋር ትጀምራለህ» አለኝ።

ወደ ሙያዬ ልመለስ ነው! መሰላሉ ላይ የወጣሁት እየዘፈንኩ ነው። ብሬከሩን አጠፋሁ፤ የእያንዳንዱን ፍሎረሰንት ቆርቆሮ ከመሬት ሽቦው ጋር አሰርኩ፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዳይጠፋም ሁሉንም ለየብቻ ከመስመሩ ጋር አገናኘሁ። ማብሪያ ማጥፊያውን ነጩ ሽቦ ላይ አስገባሁት፤ አገር ቤት ጥቁሩ የማይነዝረው ኒውትራል ነዋ፣ የሚነዝረው የቀረው ነጩ ነው! ስናበራው ስድስቱም ቦግ አሉ። እትዬ ዘይነባ እልል አሉ።

«ሶ፣ ነገ ኦፕን አደርጋለሁ?»

«ዛሬም ይችላሉ፣ እትዬ!»

ዴኒስ ግን ማጥፊያውን ተጫነና መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቴስተሩን ወደ ጥቁሩ ሽቦ አስጠጋ። ቴስተሩ ጮኸ።

«መብራቱ ጠፍቷል፣ ሽቦው ግን ይነዝራል» አለኝ።

«እኛ አገር የሚነዝረው ቀዩ ነው!»

«እዚህ ጥቁሩ ነው። ማጥፊያው መቁረጥ ያለበት እሱን ነው። ቴስተር የተሠራው ለጌጥ መሰለህ?»

ነገሩን ሳስረዳቸው እትዬ ዘይነባ ደረታቸውን ያዙ። «አምፖል ልቀይር ብዬ ብወጣ፣ ደንበኛ ሳይገባ ሬሳዬ ሊወጣ ነበር? ጠርጥር ልጄ፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር!»

ሰኞዬ አመለጠችኝ አልኩ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ አሁን በዴኒስ ቴስተር አረጋግጬ፣ ማጥፊያውን ወደ ጥቁሩ አዛወርኩት። ዴኒስ ብሬከሩን መልሶ፣ ማጥፊያውን አጥፍቶ እንደገና ለካ። ቴስተሩ ጭጭ አለ።

«ሰኞ በሰባት ሰዓት» አለኝ። ጠዋት መሆኑን ሁለቴ ጠየቅኩት፤ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ቀትር ነዋ! እትዬ ዘይነባ ደግመው እልል አሉ፤ እኔም አብሬ።

ማታ ብስራቱን ልነግር ለእናቴ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል። ቤታችን ብቻ መብራት ተቋርጦ ታዬ ሊጠግነው መሰላል ላይ ነው።

«ጥቁሩ ኒውትራል ነው አይደል በይልኝ!» ብሎ ሲጮህ ተሰማኝ።

ነው ልል አፌን ስከፍት የዴኒስ ቴስተር ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። የየትኛው አገር ጥቁር?

«ሄሎ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» አለች እናቴ።

«አለሁ፣ እማዬ። መጀመሪያ በቴስተር ይለካ በይው። በዚያ በተውኩለት።»