በኔ ስም ጻፈው

ከሚሴ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ቀድመው ከከፈቱት አንዱ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው፤ ሌላ የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አምስት ኮምፒውተርና አንድ መስመር ነበረኝ። መስመሩ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። አንድ ዘፈን እስኪወርድ ሰው ወጥቶ ምሳውን በልቶ፣ ዙሁር ሰግዶ ይመለስ ነበር። ቢሆንም ቤቱ የኔ ነበር። ሰው ግን የሚመጣው ወደኔ ሳይሆን ወደ ጓደኛዬ ነበር።

ጓደኛዬ ከደጄ አጠገብ በላሜራ የተሠራች ሱቅ ነበረችው። እዚያ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር አስቀምጦ በሰው ሞባይል ላይ ዘፈን ይጭናል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ነን። የራሱ መስመር ስላልነበረው እኔ ዘንድ ይገባና ሦስት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚፈልገውን አውርዶ፣ በፍላሽ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያ ዘፈን የሱ ነው። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ስሰማው፣ ሚኒባስ ውስጥ ስሰማው፣ ባጃጅ ውስጥ ስሰማው፣ በኔ መስመር የመጣ መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። «ያ ልጅ የጫነልኝ ነው» ነው የሚሉት።

በገበያ ቀን ከጨፋ የመጣ ገበሬ ደጃፌ ላይ ይቆምና እኔን ቁልጭ አድርጎ እያየ «ያ ልጅ አለ?» ይለኛል። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ታጥቤ፣ ሸሚዝ ለብሼ፣ ከአምስት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጫለሁ። ግን የሚፈለገው እሱ ነው። የሚስቅ ሰው ነበር፤ የሰውን አማርኛ በአማርኛ፣ የሰውን ኦሮምኛ በኦሮምኛ የሚመልስ፣ የጠየቁትን የማይረሳ። እኔ ደግሞ ሰው ሲበዛብኝ ይነስረኛል። ይህን ሁሉ ዛሬ በቀላሉ ነው የምጽፈው። ያኔ ግን ቅናቱ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አብሮኝ ይውል ነበር።

መስመሩን የሰጠን መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዙ አለን። ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የኮምፒውተሩ ቁጥር። ባለ ሠላሳ ሁለት ሉክ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አሰመርኩ። ችግሩ፣ የኛ አገር ሰው ስሙ ደብተር ላይ ሲሰፍር ደስ አይለውም። ስም ሲጻፍ ወይ ለማዳበሪያ ነው፣ ወይ ለስብሰባ ነው፣ ወይ ለባሰ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ፤ ለልጃቸው ሠርግ ዘፈን ፈልገው ነው። እስክርቢቶ ሳነሳ ሲያዩ ዱላቸውን መልሰው ያዙ።

ጓደኛዬ ከሱቁ ብቅ አለና ክንዳቸውን ያዘ። «አቦ በኔ ስም ጻፈው» አለኝ። «እኔ አለሁላቸው፣ ምን ችግር አለው ወላሂ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሥርዓት ሆነ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው «እኔ አለሁለት» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ዋሱ ቆሟል፣ ሌላ ጥያቄ የለም። መምህር ይመጣል፣ በሱ ስም። መርዶ የደረሰባት ሴት ለቤተሰቧ ደብዳቤ ልታስልክ ትመጣለች፣ በሱ ስም። ቀስ በቀስ ደብተሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ሆነ። እኔ በገዛ እጄ፣ በገዛ ቤቴ፣ የሱን ስም ስጽፍ እውላለሁ።

ያኔ ነው አምስተኛ ዓምድ ያሰመርኩት። «የሠራው ሥራ» አልኩት። ማንም አላዘዘኝም። ምን እንደሚያወርድ፣ ሰው ከሱ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ፈለግሁ፤ ሰው እሱ ዘንድ የሚያገኘውን ነገር ካወቅሁ እኔም የማገኘው መስሎኝ ነበር። የሠርግ ዘፈን። የነሺዳ መንፈሳዊ ዝማሬ። የሙዚቃ ካሴት፣ ሙሉውን። አንድ በአንድ ጻፍኩ።

እናቴ ደግሞ ጎረቤት ሰደቃ ላይ አንድ መንዙማ ሰምታ ወደደችው። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሦስቴም «ነገ» አልኳት። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። እናት ናት፣ ትጠብቃለች ብዬ ነው። በአራተኛው ቀን ቤት ስገባ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

«ማን ጫነልሽ?» አልኳት።

«ልጄ ነዋ» አለችኝ። እሱን ማለቷ ነው። «አላህ ያሳድገው፣ እቤት ድረስ መጥቶ።»

ያወረደው ከኔ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት ሦስት ቁጥር ላይ ተቀምጦ ሳለ በአምስተኛው ዓምድ የጻፍኩት እኔው ነኝ። «መንዙማ፣ ሙሉ ካሴት።» ስም፣ የሱ። ያን ቀን ራት አልበላሁም። እናቴ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ መንዙማዋን እየሰማች ነበር።

አንድ ሰውዬ የመጣው ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው። የካሴት አሳታሚዎች ተወካይ ነኝ አለ። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ደብዳቤና አንድ ፖሊስ ይዟል። ዘፈናችን በየመንገዱ ተሰርቆ ነጋዴው ከሰረ፣ ዘፋኙ ተራበ አለ። እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ፈርቼ ተነሳሁ፤ ከጀርባዬ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት ለራሴ የሰበሰብኩት ዘፈን ከጓደኛዬ ሱቅ ይበልጥ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤት ደግሞ ራሱን አይመዘግብም። ስሜ ደብተሩ ላይ አንድም ቦታ አልነበረም።

«አንተን አይደለም» አለኝ። «አንተ መስመር ሰጪ ነህ። የሚያወርዱትን ብቻ አሳየን።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ይህ ሰው ዋስ ነው፣ ሁሉም የሱ አይደለም» ብል ያበቃ ነበር። አፌ ውስጥ ነበረች። ግን ከላሜራዋ ሱቅ የሰው ሳቅ ይሰማኝ ነበር፣ እሱም መሀላቸው ነበር። ደብተሩን ወደ ሰውዬው አዞርኩት።

የጓደኛዬን ኮምፒውተርና ስፒከሮች በባጃጅ ጭነው ወሰዷቸው፤ እሱንም። በማግስቱ መዝገቡን ታረጋግጣለህ ተብዬ ጣቢያ ተጠራሁ። መርማሪው ደብተሩን ገልጦ በአምስተኛው ዓምድ እያነበበ ይጠይቃል፤ ጓደኛዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይመልሳል።

«የሠርግ ዘፈን?»

«የኔ ነው።»

የሽማግሌው እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

«ነሺዳ?»

«የኔ ነው።»

የመምህሩ ነው። አንዱንም «የእገሌ ነው» አላለም። እኔም አላልኩም። የአሳታሚዎቹ ተወካይም እዚያው ነበር፤ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ «ይኼ የኛ ካሴት ነው፣ ሙሉውን ነው የወሰደው» ብሎ ለመርማሪው አሳየ። መርማሪው «መንዙማ፣ ሙሉ ካሴት» ብሎ አነበበ። ያኔ ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ምን ይላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«እሱም የኔ ነው» አለ።

ቤት ስገባ እናቴ ሰምታለች። ከሚሴ ወሬ አይውልም አያድርም። ስልኳ ተዘግቶ ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

«የኔንም በሱ ስም ነው የጻፍከው?» አለችኝ።

«እሱ ነው ጻፈው ያለኝ።»

«ያንተ እናት አይደለሁ እንዴ? በኔ ስም መጻፍ፣ ካልሆነም በራስህ ስም መጻፍ አቃተህ?»

ተነሥታ ለመግሪብ ውዱእ ልታደርግ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አላነሣችብኝም፤ መንዙማውን ግን እኔ ባለሁበት ከፍታው አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሎች ጣቢያ ሄደው ዋስ ሆኑለትና ወጣ። ዋስ ለመሆን የተሰለፈው ሰው ግቢውን ሞልቶት ነበር ይባላል፤ እኔ አልሄድኩም። የሰማሁ ቀን ምን ተሰማህ ብትሉኝ እውነቱን ልናገር፤ ቀናሁ። እኔ ብታሰር ማን ይሰለፍልኝ ነበር እያልኩ ስቆጥር ዋልኩ፤ እጄ ላይ ካሉት ጣቶች አላለፈም። ከነሱም አንዱ እሱ ነበር።

ዘፈን መጫኑን ተወ። የስልክ መስተዋት መቀየር ጀመረ። እኔ ቤት አይገባም፣ በደጄ ሲያልፍ ግን «ሰላም ዋልክ» ይለኛል። እኔም አምስተኛውን ዓምድ ማስመር ተውኩ።

ወራት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን እኒያ ሽማግሌ መጡ። ዱላቸውን እንደ ድሮው በሩ ላይ አስደገፉ።

«ያ ልጅ አለ?»

«የለም አባባ። እኔ ላግዝዎት፣ ምን ፈለጉ?»

ሠርጓን ያዩላት ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ፎቶ መላኳን ሰምተው፣ ያን ለማየት ነው የመጡት። ከዚያ ዓይናቸው ደብተሩ ላይ አረፈ።

«ትጽፈኛለህ እንዴ?»

«አልጽፍዎትም» አልኩ። «በኔ ስም እጽፈዋለሁ። እኔ አለሁልዎት።» ደብተሩን ስቤ ስሜን ጻፍኩ። በዚያ ቤት ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። ከጎኑ ሰዓቱን፣ ከሰዓቱ ቀጥሎ ሦስት ቁጥር ብዬ አሰፈርኩ።

ሽማግሌው ጽሕፈቱን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ። አላኮረፉም፣ ክፉም አልተናገሩም።

«ዲሲ፣ ተወው ልጄ፣ ግድ የለም» አሉኝ። «እሱ እስኪመጣ ልቀመጥ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቁጥር ክፍት እንደሆነ ነው፣ እኔም ክፍት ነኝ፣ እሳቸው ግን በሩን ያያሉ። ጓደኛዬ ለአሱር ሶላት ሲያልፍ አይቷቸው ገባ። ተጨባበጡ፣ በኦሮምኛ ተጠያየቁ፣ ሳቁ። ጉዳያቸውን ነገሩት። ክንዳቸውን ይዞ ሦስት ቁጥር ላይ አስቀመጣቸውና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በዚያው በድሮው ድምፁ፣

«በኔ ስም ጻፈው» አለኝ።

ስሜን ሰረዝኩና የሱን ጻፍኩ።